ሚስማር ላይ የቀረው ኮትህ

ለሻሜቦዬ፣ ለምህረት አባት፤

ሰላምታዬን በቁጣ መጀመር አልፈልግም ነበር። ግን ታውቀኛለህ፤ የተናደድኩ ዕለት ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። ድሮ «እሺ፣ እሺ፣ ቀስ በይ» እያልክ ታበርደኝ ነበር፣ አሁን የሚያበርደኝ የለም። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። የመጀመሪያውን ሳለቅስ አሳለፍኩት። ሁለተኛውን ሰው ሲያናግረኝ በአንገቴ እየመለስኩ ዝም ብዬ ገፋሁት። ዘንድሮ ግን ገና ጭቃው ሳይደርቅ ተናደድኩብህ። በሕይወት እያለህም እንዲህ ተናድጄብህ አላውቅም፣ ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ፣ አለዚያ እኔን ሳትሰማ ስለ ቤቱ ታስባለህ። ምህረት ወልዳለች። ሴት ናት፣ ግንባሯ ያንተ ነው፤ ስትቆጣ ግን አያቷን ነው ይላሉ፣ እኔን ማለታቸው ነው። በራችን ፊት ያለው መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። ዕድሜህን ሙሉ ጫማህን ስታበላሽበት የኖርክበት ጭቃ ልክ አንተ ስትሄድ ተነጠፈ። ባጃጆቹም መንገዱን ስለወደዱት ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሱኝ እነሱ ናቸው። «ቅዳሜ እሠራዋለሁ» ያልከው የጓሮ ቧንቧ ቅዳሜው ሳይደርስለት ቀረ፣ ዛሬም ያንጠባጥባል። ሬዲዮህን ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። ወንድምህ ጋሼ ኤርሚያስም ደህና ናቸው፣ እጅግ በጣም ደህና ናቸው። ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

ነገሬ ይኸውልህ። ምክር ቤቱ ገባሁ።

አዎ፣ ያንተ ምክር ቤት። በጥቁር ጸጉር ገብተህ ሸብተህ የወጣህበት አዳራሽ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ «አንድ ቀን አስገባሻለሁ» ስትለኝ ነበር። መቼ ነው ስልህ አንዴ ጉባኤ አለ፣ አንዴ እንግዳ መጥቷል፣ አንዴ ደግሞ ጥበቃዎቹ ተቀይረዋል ትለኛለህ። ምሳ ዕቃህን ይዤ የመጣሁ ቀን እንኳ ከአጥሩ በር አላለፍኩም፤ ጥበቃው ተቀብሎኝ እሱ ነበር የሚያስገባልህ። ስለዚያ ቤት የማውቀው ከሥራ ስትመለስ ጫማህን እያወለቅክ የምትነግረኝን ብቻ ነው። ዛሬ የእንትን ወረዳው ሰውዬ ተነስቶ ተናገረ፣ ዛሬ ማይኩ ጮኸብኝ፣ ዛሬ አፈ ጉባኤው ሳይቀሩ ሳቁ። አንድ አባል ለመናገር እጁን ሲያወጣ ማይኩን የምትከፍትለት አንተ ነበርክ። «እኔ ካልከፈትኩ ማንም አይሰማም» ትለኝ ነበር ደረትህን ነፋ አድርገህ። እኔም እየሳቅኩ እራትህን አቀርባለሁ።

አሁን ጊዜው ተቀይሯል። ክልሉ ሲከፋፈል አባላቱ ወደየራሳቸው ከተማ ሄዱ፣ አሮጌው አዳራሽም ታድሶ ቅዳሜና እሁድ ለጎብኚ ተከፈተ። ምህረት ከባሏና ከሕፃኗ ጋር ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ሳለ «እማዬ፣ አባዬ የሠራበትን ቤት እንይለት» አለችኝ። ነጠላዬን አወጣሁ፣ ለእሷ ሠርግ የገዛሁትን ጫማ አደረግኩ። አንተ እጄን ይዘህ ልታሳየኝ የነበረውን ቤት እንደ ማንኛውም መንገደኛ ትኬት ቆርጬ ገባሁበት። ደሜ መሞቅ የጀመረው እዚያው በር ላይ ነው።

የምታስጎበኘን ልጅ ሐያት ትባላለች። ትሑት ልጅ ናት፣ ከሚከተለው ነገር ውስጥ የእሷ ጥፋት የለበትም። «እናቴ፣ ደረጃው ያንሸራትታል፣ ቀስ ይበሉ» እያለች ክንዴን ይዛ ነው ያስገባችኝ። አዳራሹ ያምራል፣ ልዋሽህ አልችልም። ጣሪያው እንጨት ነው፣ ወንበሮቹ ግማሽ ክብ ሠርተው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ምንጣፉ ጫማ ይውጣል። ይሄ የአፈ ጉባኤው መቀመጫ ነው፣ ይሄ የእንግዶች ነው፣ ይህን መብራት ከውጭ አገር ነው ያስመጡት እያለች አስረዳችን። የመጋረጃው ጨርቅ እንኳ ታሪክ ነበረው። እኔ ዓይኔ የሚፈልገው አንተን ነው። «የማይኩ ክፍል የት ነው ልጄ?» ስላት ጥግ ላይ ያለች ጠባብ መስታወት በጣቷ አሳየችኝና «እሱ ቴክኒክ ክፍል ነው እናቴ፣ ጉብኝቱ ውስጥ አይካተትም» አለችኝ። ያንተ ዕድሜ ጉብኝቱ ውስጥ አይካተትም። ምህረት እጄን ጨበጥ አደረገችኝ፣ ታውቀኛለችና።

ከአዳራሹ ጀርባ ረጅም ኮሪደር አለ። ግድግዳው በሙሉ ፎቶ ነው፤ ባለፉት ዓመታት አትሮንሱ ፊት ቆመው ንግግር ያደረጉ አባላት ናቸው። ሌሎቹ ጎብኚዎች ዓይናቸውን ጣል እያደረጉ ሲያልፉ እኔ አንዱ ፎቶ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ሌላው ላይ ቆምኩ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። ሰዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ቀጭን፣ ሌላው ሆዱ የገፋ፣ አንዱ የፊት ጥርሱ የወለቀ አዛውንት። የለበሱት ኮት ግን አንድ ነው። ለአንዱ እጅጌው ረዝሞበታል፣ ለሌላው አልቆለፍ ብሎታል፣ ኮቱ ግን ያው ነው። ቡናማ፣ አንገትጌው ሰፊ፣ የግራ ኪሱ ከቀኙ ዝቅ ያለ።

ያንን ኪስ ከገበያ ሙሉ ኮት መሃል እለየዋለሁ። የገዛሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ዕቁብ የደረሰኝ ጊዜ ነው፣ ታስታውሳለህ? እዚሁ ከተማችን ፒያሳ ሐጂ ሱቅ ገባሁና «ባሌ ትልቅ ቦታ ነው የሚሠራው፣ ደህና ኮት ይስጡኝ» አልኳቸው። እንዳንተ ረጅም ስለነበሩ በራሳቸው ላይ ለክተው አሳዩኝ። የኪሱን መንጋደድ ያየሁት ቤት ካመጣሁት በኋላ ነው። መልሼ ልለውጠው ስል አንተ አሻፈረኝ አልክ፤ «ተይው፣ የኔ መሆኑ በዚህ ይታወቃል» አልከኝ። አንድ ጊዜ የመሃሉ ቁልፍ ሲወልቅ ቡናማ ክር አጥቼ በአረንጓዴ ሰፋሁልህ፣ «ማን ያየዋል» ብለህ ሳቅክብኝ። ከዚያ ወዲያ ኮቱ ቤታችን አልገባም ማለት ይቻላል። መንገድ ላይ አቧራ ይበላዋል፣ ሥራ ቦታ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ እዚያ ነው የሚያስፈልገኝ አልክ። አመንኩህ። ባሌ በኮት ተቀምጦ ነው ማይክ የሚከፍተው እያልኩ ለጎረቤት ስናገር ኖርኩ።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፍቅር ሐይቅ ዳር ስንሄድ ነፋሱ አጥንት ይገባል። «ኮትህን ብትለብስ ምን አለበት?» ስልህ «አይበርደኝም» ትላለህ፣ በማግስቱ ታስላለህ። እኔ ሞኟ ዝንጅብል እቀቅላለሁ። ባሌ ለሥራው ልብስ የሚሳሳ ጨዋ ሰው ነው እያልኩ ደግሞ በልቤ እኮራብሃለሁ።

አሁን የምህረትን ሠርግ አስታውስ። አስታውስ እንጂ፣ ከዚህስ አታመልጥም። ሠርጉ ቅዳሜ ነው፣ አንተ አርብ ከሥራ ባዶ እጅህን መጣህ። ኮቱስ ስልህ ላውንደሪ ሰጥቼው ተዘጋብኝ አልክ። ልጅህን ክንዷን ይዘህ ቤተ ክርስቲያን ያስገባሃት በዚያ ዚፕ ባለው ግራጫ ሹራብ ነው። የሙሽራው አባት ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ጎንህ ቆመዋል። እኔ በልጄ ሠርግ ጥርሴን ነክሼ ዋልኩ። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፣ እንግዳ ሲመጣ ከሙሽራዋ ቬሎ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው ሹራብህ ላይ ነው። የላውንደሪውን ባለቤትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ብዬው አላውቅም። ምስኪን፣ ምን እንዳጠፋ እንኳ ሳያውቅ ስንት ጊዜ ፊቴን አዞርኩበት።

ቀብርህ ደግሞ አለ። አዳራሹ ለእድሳት ተዘግቶ፣ አንተ ሲያልቅ ተመልሼ እገባለሁ እያልክ ቤት የተቀመጥክበት ሰሞን ነበር። ጠዋት ደህና ነበርክ፣ ከሰዓት ሆስፒታል ገባህ፣ በማግስቱ አልነበርክም። ሙሉ ልብሱን አምጡ አሉኝ። ቁም ሳጥኑን ገለባበጥኩት። ሱሪው አለ፣ ነጩ ሸሚዝ አለ፣ ክራቫቱ አለ፣ ኮት የለም። ሰው ልከን ምክር ቤቱን አስጠየቅን፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ድንኳኑ በሰው ሞልቷል፣ እኔ ባሌ የሚቀበርበት ኮት የለውም ብዬ ለማን ልናገር? በመጨረሻ ጋሼ ኤርሚያስ የለበሱትን አውልቀው ሰጡ። አንተ ረጅም፣ እሳቸው አጭር። እጅጌው ከእጅህ አንጓ ብዙ ርቆ ቀረ፣ ሳጥኑ እስኪዘጋ ድረስ ዓይኔን ከዚያ ላይ ማንሳት አቃተኝ። በሰው ኮት ተቀበርክ። ከዚያ ወዲህ ወንድምህ ሠርግም ይሁን ለቅሶ ቤት «ያ ኮቴ እኮ የእንግሊዝ ጨርቅ ነበር» ሳይሉ አይነሱም። እኔም በተነሳ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው ኮሪደሩ ላይ የቆምኩት። ያላለቀ ነገር እንዳለ ያወቅኩት ደግሞ መጨረሻው ላይ ስደርስ ነው። ኮቱ ራሱ እዚያ አለ። መስታወት ሳጥን ውስጥ ትከሻው ተወጥሮ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ «የምክር ቤት አባላት ለንግግር ሲወጡ ይለብሱት የነበረ ኮት» የሚል ተጽፎበታል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አረንጓዴው ክር አለ። ሐያት ምክር ቤቱ ከሩቅ ለሚመጡ አባላት ያዘጋጀው ኮት ነው አለችን። ጎብኚዎቹ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሱት። «የባሌ ነው» አልኩ። የሰማኝ የለም። «የባሌ ኮት ነው እኮ» አልኩ ደግሜ። አንዱ ፈገግ አለ። ሐያትም በትሕትና «ሊሆን ይችላል እናቴ፣ ብዙ ሰው ለብሶታል» አለችኝ። ይሄ ሊሆን ይችላል የሚለው ነገር አንጀቴን አሳረረው።

ጉብኝቱ የሚያበቃው አትሮንሱ ላይ ነው። ጎብኚው በየተራ ይወጣና ማይኩ ላይ «ሄሎ፣ ሄሎ» ብሎ ፎቶ ይነሳል። ተራዬ ሲደርስ ምህረት «ፈገግ በይ እማዬ» ብላ ስልኳን አነሳች። ምን ፈገግታ አለኝ? ማይኩን ጠጋ አልኩትና ያ መስታወት ውስጥ ያስገባችሁት ኮት የሻሜቦ ነው አልኩ። የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ቁልፉን በአረንጓዴ ክር የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ እሱ በወንድሙ ኮት ነው የተቀበረው፣ ኮቱን መልሱልኝ አልኩ። ስጀምር ድምፄ ለራሴም አይሰማኝም ነበር። መሃል ላይ ስደርስ ግን ከፍ እያለ ሄደ፣ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ሞላ። ቀና ብዬ ጥግ ላይ ያለችውን መስታወት ባይ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ያየኛል። ሌዳሞ ነው፣ አብሮህ ይሠራ የነበረውና ዛሬም እዚያው ያለው፣ ለቅሶህ ላይ ቆሞ ያነባው ሌዳሞ። ድምፁን ከፍ ያደረገልኝ እሱ ነው። ለሁሉ ስትከፍት የኖርከው ማይክ ለእኔም አንድ ቀን ተከፈተልኝ፣ የከፈተልኝ ግን አንተ አይደለህም። ይህም ያናድደኛል።

ሌዳሞ ወርዶ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። አንተ ሳትነግረኝ የቀረኸውን እሱ ነገረኝ። አንዳንዶቹ አባላት ከሩቅ ወረዳ በአውቶቡስ ተንገላተው፣ ዝናብ መቷቸው በሹራብ ይመጡ ነበር አለ። አትናገሩ ያላቸው ማንም የለም፣ ግን ካሜራ አለ፣ አገር ቤት በቴሌቪዥን ያያቸዋል። ስለዚህ ያፍሩና ተራቸው ሲደርስ እጃቸውን ያወርዳሉ። አንድ ቀን አንተ እንዲህ ያለውን ሰው በር ላይ ያዝከውና ኮትህን አውልቀህ አለበስከው። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ኮት የሌለው ተናጋሪ ወደ አትሮንሱ ከመሄዱ በፊት ጠባቧ ክፍልህ ጎራ ይላል፣ ኮቱን ከሚስማሩ አውርደህ ታለብሰዋለህ፣ አንገትጌውን ታስተካክልለታለህ፣ ከዚያ ተሯሩጠህ ማይኩን ትከፍትለታለህ። «እሱ ራሱ በሹራብ ነበር» አለኝ ሌዳሞ። «ክረምት፣ በጋ፣ ሁልጊዜ በሹራብ። ኮት የለበሰበት ቀን ለእኔ ትዝ አይለኝም።»

የልጄ ሠርግስ? አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ፊቴን ሲያይ ግን ተወው። በዚያ ሳምንት ከካፋ የመጡ አንድ አባል ስለ ውሃ ተናግረው እንደወረዱ መኪና ጠበቃቸው፣ ኮቱን እንደለበሱ አገራቸው ገቡ። በሚቀጥለው ጉባኤ ተሸማቅቀው፣ አንድ ማሰሮ ማር ይዘው መለሱልህ። ፎቷቸው ኮሪደሩ ላይ አለ፣ እጅጌው ለእሳቸው ልክ ነው።

ማሩን አስታወስኩት። «ሰው ሰጠኝ» ብለህ ያመጣኸውን ነጭ ማር። በልጄ ሠርግ ላይ ያሳፈረኝን ሰው ማር ዳቦ ላይ እየቀባሁ በላሁት፣ ለጎረቤትም አካፈልኩ፣ እንዲህ ያለ ማር ቀምሼ አላውቅም ብዬ አመሰገንኩ። አንተ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ታየኝ ነበር። ምን ብለህ ነው ሳቅህን የቻልከው?

ሻሜቦ፣ ለምን አልነገርከኝም? ብትነግረኝ እምቢ እል ነበር፣ እሱን አልክድህም። እኔ ዕቁብ ጥዬ የገዛሁትን ለመንገደኛ ታለብሳለህ ወይ ብዬ ቤቱን አናውጠው ነበር። ይህን ስለምታውቅ ነው ዝም ያልከው። ግን ባናውጠውስ ምን ትሆን ነበር? በሌላው ሁሉ ችለኸኝ የለ? ከተናወጥኩ በኋላ እበርድ ነበር። በሚቀጥለው ዕቁብ ሌላ ኮት እገዛ ነበር፣ አንዱ ለሰው፣ አንዱ ላንተ። ልጅህን በኮት ታስገባት ነበር። አንተም ስትቀበር እጅህ በሥርዓቱ ይሸፈን ነበር። ሰው ሁሉ አሁን መልካም ሰው ነበር ይለኛል፣ እኔም አውቃለሁ። መልካምነትህን ከእኔ ደብቀህ እፍረቱን ብቻ ማካፈልህ ነው ያቃጠለኝ። የደጉን ሰው ሚስት መሆኔን የሰማሁት አንተ ከሄድክ በኋላ ከሌዳሞ አፍ ነው።

ኮቱን ለማስመለስ ተመላለስኩ። የአዳራሹ ኃላፊ ወጣት ነው፣ ያከብረኛል፣ ወንበር ይስብልኛል፣ ግን ኮቱን አይሰጠኝም። አንዴ ቅርስ ሆኗል ይላል፣ አንዴ የበላይ ይወስን ይላል። እኔም ባሌ ቅርስ ከሆነ እኔን ለምን ትኬት ታስቆርጡኛላችሁ እላለሁ። በመጨረሻ ሌዳሞ አብሮኝ ገባና ኮቱ ከሻሜቦ ሚስማር ላይ የተነሳ መሆኑን፣ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባም የማን ነው ብሎ የጠየቀ እንዳልነበረ መሰከረ። ወጣቱ አንገቱን ነቀነቀ፣ ሳጥኑን አስከፍቶ ሰጠኝ። ሐያት ከእንግዲህ ኮሪደሩን ስታስጎበኝ ስምህን እንደምትጠራ ቃል ገባችልኝ፤ ጠባቧን ክፍልም አስከፈተችልኝ። ወንበርህ ትንሽዬ ናት፣ እዚያ ላይ እንዴት ቀኑን ሙሉ ትቀመጥ እንደነበር አልገባኝም። ሚስማሩ ከበሩ ኋላ አለ። አድሰው ሲቀቡ ያችን ግድግዳ ረስተዋታል፤ ኮቱ ሲወጣና ሲወርድ የፈገፈገው ቦታ ቀለሙ ለቋል። እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም።

ከዚያ በቀጥታ ወንድምህ ቤት ሄድኩ። ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ኮት በኮት። ይኸውልዎት ጋሼ፣ ከእንግዲህ የእንግሊዝ ጨርቅ የሚባል ነገር አልስማ ልላቸው ባጃጅ ውስጥ ስለማመድ ነው የሄድኩት። ኮቱን ከፌስታሉ ሳወጣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ለበሱት፣ እጅጌው ጣታቸውን አልፎ ተንጠለጠለ፣ ሳቁ። እኔም ከኮሪደሩ ጀምሬ እስከ ማሩ ድረስ ነገርኳቸው። እየተናገርኩ ሳለ ያልተለማመድኩት ነገር ከአፌ ወጣ። «ያን ሁሉ ሰው ሲያለብስ ኖሮ፣ እሱን ያለበሱት እርስዎ ብቻ ነዎት» አልኳቸው።

ሳቃቸው ጠፋ። ኮቱን አውልቀው ጭናቸው ላይ አጠፉት። «እጅጌው አጥሮበት ነበር» አሉኝ። «ሁልጊዜ የሚታየኝ እሱ ነው። ስለ ጨርቁ የማወራው እሱን ላለማውራት ነው።» ለካ እኔ ብቻ አልነበርኩም ሳጥኑ እስኪዘጋ እጅህን ሳይ የቆየሁት። ኮቱን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት፣ «ለእኔ ይረዝማል፣ ውሰጂው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ጨርቅ ተነስቶ አያውቅም።

ኮቱን ያው ላውንደሪ ወሰድኩት። ሰውየውን ሰላም ስለው ደነገጠ፣ ጤናዬንም ቤተሰቤንም ጠየቀኝ፣ እኔም ጠየቅኩት። ኮቱ ሲመለስ ገበሩ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ስምህን በአረንጓዴ ክር ሰፋሁበት። ከሳሎኑ በር ኋላ ሚስማር አስመታሁና ሰቀልኩት። ከእንግዲህ ይህን ኮት ማንም አይለብሰውም ብዬ ማልኩ። ምህረትም ሰምታኛለች።

ትናንት ዱካሞ መጣ። ጎረቤታችን፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ የሚያጠምደው። ሌላ ጊዜ ቆሮሶ ዓሣ ሲያመጣልኝ በጓሮ ነው የሚገባው፣ ትናንት ግን ታጥቦና ጸጉሩን አበጥሮ በፊት በር መጣ። የመጀመሪያ ልጁ እሁድ ታገባለች። የሠርጉን መጥሪያ ሰጠኝ፣ ተቀበልኩት፣ እግዚአብሔር ይባርካቸው አልኩት። አልሄድ አለ። ስለ ሐይቁ አወራ፣ ስለ ዓሣው መጥፋት አወራ፣ ዓይኑ ግን በሩ ኋላ ነው። ያኔ የለበሰውን አየሁ። ሹራብ ነው፣ ዚፕ ያለው።

እምቢ ልል ነበር። አፌን ሁሉ ከፍቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን የምህረትን ሠርግ አየሁ፣ እሱም እኔ የማየውን አየና ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ በኋላ እጄ ነው የሠራው። ኮቱን አውርጄ አለበስኩት፣ አንገትጌውን አስተካከልኩለት። አንተ አንድም ቀን ለማንም ያላልከውን ግን አልኩት። «ዓሣ እንዳይሸት። ፎቶ ስትነሳ የግራ ኪሱን በእጅህ ሸፈን አድርግ። ሰኞ ጠዋት እዚህች ሚስማር ላይ እንዳገኘው።» እሺ እቴቴ፣ እሺ እያለ ወጣ።

እንዳልረሳህ ቃል ግቢ አትበለኝ፣ የተናደዱበት ሰው አይረሳም። እሁድ ሠርጉ ላይ ከፊት እቀመጣለሁ። ዱካሞ ልጁን ክንዷን ይዞ ሲገባ እኔ የማየው አንተን ነው፣ ከምህረት ጋር፣ በገዛሁልህ ኮት። ያን ዕለት ያልሳቅኩትን እስቃለሁ።

ሰኞ ካልመለሰ ግን አሞራ ገደል ድረስ ሄጄ ከጀልባው ላይ አስወልቀዋለሁ። አንተ ብትሆን ዝም ትል ነበር።

ያንተው፣
የምህረት እናት